የአሜሪካ ፉትቦልን ሳይደናገሩ ለማየት፦ የጀማሪ ተመልካች መመሪያ

መስከረም በጠባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ይሄ ጨዋታ ለምን በየ5 ሰከንዱ ይቆማል?» አንዱን የሥራ ባልደረቦቹ ለሱፐር ቦል (ለዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ) ጠርተውታል፣ የሌላዋ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ መጫወት ጀምሯል፣ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ እሑድ ማታ ቻናል ሲቀያይር ገጥሞታል። በስልክ እየተቆራረጠ ከማስረዳ አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብያለሁ። የምጽፈው ስለ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ስለ ኤንኤፍኤል ነው። የኮሌጁ ሕግ አንዳንድ ቦታ ይለያል።

ሁሉንም ሕግ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ዳኞቹ ራሳቸው ሜዳ መሃል ክብ ሠርተው የሚመካከሩበት ሕግ ሞልቷል። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመሄድ 4 ዕድል አለው። ከዚህ በታች የምታነቡት በሙሉ የሚያያዘው ከዚህች ጋር ነው።

ምን ያስፈልጋል

ቤት ሆናችሁ የምታዩ ከሆነ፦

- ቴሌቪዥን፣ ወይም ትንንሽ ቁጥሮች በደንብ የሚነበቡበት ስክሪን።
- 3 ሰዓት ገደማ ትርፍ ጊዜ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው ቢባልም ሰዓቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚቆም በ60 ደቂቃ አያልቅም።
- የሰዓት ልዩነቱን ማወቅ። የእሑድ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው፤ አሜሪካኖቹ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 3 ሰዓት ይሆናል።

ስታዲየም የምትገቡ ከሆነ ደግሞ፦

- ቻርጅ የሞላ ስልክ። ቲኬቱ እዚያው ውስጥ ስለሆነ ባትሪ ካለቀ በር ላይ ነው የምትቀሩት።
- ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቦርሳ፣ ቢበዛ 30 በ15 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን።
- የባንክ ካርድ። ብዙዎቹ ስታዲየሞች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።
- የሚያሞቅ ልብስና የዝናብ ካፖርት። ዣንጥላ ብዙ ቦታ አይፈቀድም፣ ከኋላችሁ የተቀመጠውንም ሰው ይጋርዳል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሰሌዳውን አንብቡ

ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ኳሱን ከማሳደድ ይልቅ ስክሪኑ ላይ ያለውን የውጤት ሰሌዳ ተመልከቱ። ውጤቱ አለ፣ ስንተኛው ሩብ እንደሆነ አለ፣ የቀረው ሰዓት አለ። ከእነሱ አጠገብ ሁለት ቁጥሮች አብረው ይወጣሉ፤ ለምሳሌ 3ኛ እና 7። ይህ ማለት ቡድኑ ሦስተኛ ዕድሉ ላይ ነው፣ ገና 7 ያርድ ይቀረዋል ማለት ነው። ዕድሉ «ዳውን» ይባላል፣ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እላለሁ።

ለምን ይጠቅማል? አንድ ሯጭ 5 ያርድ ሄዶ ሲወድቅ ሰው ለምን እንደጮኸ ወይም ለምን ራሱን እንደያዘ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው። በ3ኛ እና 4 ላይ 5 ያርድ ድል ነው። በ3ኛ እና 12 ላይ 5 ያርድ ምንም ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሜዳውን ለዩ

ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ ነው፣ 91 ሜትር ገደማ። ከሁለቱም ጫፍ ጀርባ 10፣ 10 ያርድ የሆነ ክልል አለ፤ ኢንድ ዞን ይባላል። ግብ የሚቆጠረው እዚያ ነው። የጎል ቋሚዎቹ የቆሙት ደግሞ ከኢንድ ዞኑ ጀርባ ጫፍ ላይ ነው። ይህንን ያዙት፣ በኋላ ለሒሳብ ይፈለጋል።

መሬቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች እስከ 50 ይወጡና መልሰው ይወርዳሉ። ስለዚህ «25 ላይ ናቸው» ብቻ ማለት አይበቃም። የራሳቸው 25 ከሆነ ገና 75 ያርድ ይቀራቸዋል፤ የተጋጣሚ 25 ከሆነ ደርሰዋል ማለት ይቻላል።

በቴሌቪዥን የምታዩት ቢጫ መስመር 10 ያርዱ የሚሞላበት ቦታ ነው። ጠቆር ያለው ደግሞ ኳሱ የሚነሳበት ነው። ሁለቱም በኮምፒውተር የሚሣሉ ናቸው፣ ሜዳው ላይ የሉም። ስታዲየም የገባ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቢጫው መስመር የታለ?» ብሎ ነው። እዚያ የምትመለከቱት ከሜዳው ጠርዝ ሰዎች ይዘው የሚቆሙትን ብርቱካናማ ምልክቶች ነው።

ደረጃ 3፦ አራቱን ዳውኖች ቁጠሩ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። አንድ ምሳሌ በቅርበት እንከተል።

ኳሱ የራሳቸው 25 ላይ ነው። 1ኛ ዳውን፣ 10 ይቀራል። ሯጩ ኳሷን ታቅፎ መሃል ለመሃል ገባና 4 ያርድ ሄዶ ተጣለ። አሁን ኳሱ 29 ላይ ነው፤ 2ኛ እና 6። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) አሻግሮ ወረወረ፣ የያዘው ሰው የለም። ኳስ ሳይያዝ መሬት ከነካ ከተነሳበት ቦታ ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ እዚያው 29፣ ግን 3ኛ እና 6። አሁን ሁሉም ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ኳርተርባኩ ወረወረ፣ ተያዘ፣ 8 ያርድ። ኳሱ 37 ደረሰ። ከ35 አልፏል፤ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ 1ኛ እና 10።

እንዲህ እያሉ ነው ሜዳውን የሚያቋርጡት።

አሁን 8 ሳይሆን 5 ያርድ ብቻ አገኙ እንበል። ኳሱ 34 ላይ ነው፣ 4ኛ እና 1። ሦስት ምርጫ አላቸው።

አንደኛው ፓንት ነው፦ ኳሱን በእግር አርቆ ለተጋጣሚ መላክ። አዲስ ሰው «ኳሳቸውን ለምን በነፃ ይሰጣሉ?» የሚለው እዚህ ጋ ነው። አራተኛውን ዕድል ሞክረው ካልተሳካላቸው ተጋጣሚ እዚያው ቆመው ካሉበት፣ ከጎላቸው 34 ያርድ ርቀት ላይ፣ ኳሱን ይረከባል። ጥሩ መቺ ግን ከ40 ያርድ በላይ ይልከዋል። ኳሱን የሚያጡት በሁለቱም መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የት ቦታ ላይ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ፊልድ ጎል ነው፦ ቆሞ ከተያዘ ቦታ በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ማሳለፍ። ርቀቱን ለማስላት ኳሱ ባለበት ያርድ ላይ 17 ደምሩ፤ 10ሩ የኢንድ ዞኑ ነው፣ 7ቱ ደግሞ ኳሱ ለመቺው ወደ ኋላ የሚሰጥበት ነው። ኳሱ የተጋጣሚ 30 ላይ ከሆነ ምቱ የ47 ያርድ ነው። ከሳቱ ተጋጣሚ ኳሱን የሚረከበው ከተመታበት ቦታ ስለሆነ ከሩቅ መሞከር ዋጋ ያስከፍላል።

ሦስተኛው መድፈር ነው፦ ሙሉ ሙከራ ማድረግ። አንድ ያርድ ሲቀርና ጊዜ ሲያጥር ብዙ ጊዜ ይደፍራሉ። ስታዲየሙ የሚናወጠው ያኔ ነው።

ደረጃ 4፦ ማን ምን እንደሚሠራ እወቁ

11 ለ11 ነው። መቀያየር ያለ ገደብ ይቻላል። አንድ ቡድን ለማጥቃት፣ ለመከላከልና ለምት የተለያየ ሰው ያስገባል። ኳሱ ሲለወጥ ሰዉ ግር ብሎ የሚወጣውና የሚገባው ለዚህ ነው፣ ጨዋታው አልቆ አይደለም።

ኳርተርባኩ የማጥቃቱ አእምሮ ነው። ከፊቱ የተደረደሩት አምስቱ ግዙፎች ሥራቸው እሱን መሸፈንና ለሯጩ በር መክፈት ነው። እነሱ በተለመደው አሰላለፍ የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። ኳስ ለመቀበል የሚሮጡት ከዳርና ከዳር የቆሙት ፈጣኖች ናቸው።

ወደ ፊት መወርወር የሚቻለው በአንድ ሙከራ አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ኳሱ ከተነሳበት መስመር ጀርባ ተቆሞ። ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ግን የፈለጉትን ያህል መቀባበል ይችላሉ። በእግር ኳስ ዓይን የምታዩ ከሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ትቸገራላችሁ፤ የቅብብል ጨዋታ ስትጠብቁ አይመጣም።

ደረጃ 5፦ ሙከራው መቼ እንዳለቀ ለዩ

ሙከራው የሚያልቀው በእነዚህ ነው፦ ኳስ የያዘው ተነክቶ ጉልበቱ ወይም ክርኑ መሬት ሲነካ፣ ከሜዳ ሲወጣ፣ የተወረወረው ሳይያዝ ሲወድቅ፣ ግብ ሲቆጠር። «ተነክቶ» የምትለው ቃል ወሳኝ ናት። በኤንኤፍኤል ማንም ሳይነካው አዳልጦት የወደቀ ሰው ተነስቶ መሮጥ ይችላል። በኮሌጅ አይችልም።

የተወረወረ ኳስ ተያዘ የሚባለው ተጫዋቹ ኳሱን ተቆጣጥሮ ሁለቱም እግሮቹ ሜዳ ውስጥ ሲነኩ ነው። ዳር ላይ የእግር ጣታቸውን እየጎተቱ የሚወድቁት ለዚህ ነው። ኮሌጅ ላይ አንድ እግር ይበቃል።

ኳሱ በተጋጣሚ እጅ የሚገባባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ተወርውሮ ሳለ ተከላካይ ከጠለፈው ኢንተርሴፕሽን ነው። ከያዘው ሰው እጅ ካመለጠ ፈምብል ነው፣ ያኔ ማንም ቢያነሳው የእሱ ነው። ኳርተርባኩን ሲመቱት ክንዱ ወደ ፊት መሄድ ከጀመረ በኋላ ያመለጠው ኳስ ግን ያልተያዘ ውርወራ ነው እንጂ ፈምብል አይደለም። በዝግታ ደጋግመው የሚያሳዩት ይህችን ቅጽበት ነው።

ደረጃ 6፦ ነጥቡን አስሉ

- ተችዳውን፣ 6 ነጥብ። ኳሱን ይዞ የጎል መስመሩን ማለፍ ወይም ኢንድ ዞን ውስጥ መቀበል።
- ከተችዳውን በኋላ ተጨማሪ። በእግር መትቶ 1፣ ወይም ከ2 ያርድ ላይ እንደገና ሞክሮ 2።
- ፊልድ ጎል፣ 3 ነጥብ።
- ሴፍቲ፣ 2 ነጥብ። ኳስ የያዘው በራሱ ኢንድ ዞን ውስጥ ከተጣለ ነጥቡ ለተከላካዩ ነው። ነጥብ የተቆጠረበት ቡድን በዚያ ላይ ኳሱንም መትቶ ለተጋጣሚ ይሰጣል፤ ድርብ ቅጣት ነው።

የእግር ኳስ ተመልካች የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በእግር ኳስ ኳሱ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ማለፍ አለበት። እዚህ ግን ተጫዋቹ ይዞት ሳለ የኳሱ ጫፍ ብቻ መስመሩን ቢነካ ይበቃል። እጃቸውን ዘርግተው የሚወረወሩት ወደው አይደለም።

ልዩነቱ 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጨዋታው አልተዘጋም፣ አንድ ተችዳውንና የ2 ነጥብ ሙከራ ያስተካክለዋል። 9 ሲሆን ግን ኳሱን ሁለት ጊዜ ማግኘት ያስፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ቢጫው ጨርቅ ሲወረወር ጠብቁ

ዳኛ ጥፋት ሲያይ ቢጫ ጨርቅ ይወረውራል። ጨዋታው ወዲያው ላይቆም ይችላል። ነጭ ኮፍያ ያደረገው ዋና ዳኛ በማይክ ያስታውቃል። ብዙ ጊዜ የምትሰሟቸው እነዚህ ናቸው፦

- ፎልስ ስታርት፦ አጥቂ ኳሱ ሳይነሳ መንቀሳቀስ። 5 ያርድ ወደ ኋላ።
- ኦፍሳይድ፦ ኳሱ ሲነሳ መስመሩን አልፎ መገኘት፣ አብዛኛውን ጊዜ ተከላካይ ነው። 5 ያርድ። ከእግር ኳሱ ኦፍሳይድ ጋር ምንም አያገናኘውም።
- ሆልዲንግ፦ ሰው ጨምድዶ መያዝ። አጥቂ ከሆነ 10 ያርድ ወደ ኋላ። ተከላካይ ከሆነ 5 ያርድና አዲስ 1ኛ ዳውን።
- ፓስ ኢንተርፌረንስ፦ ኳስ የሚቀበለውን ሰው ኳሱ ሳይደርስ መግፋት ወይም መጎተት። ተከላካይ ካጠፋ ኳሱ ጥፋቱ ወደተፈጸመበት ቦታ ይሄዳል፣ 40 ያርድም ቢሆን። ጨዋታ የሚገለብጠው ቅጣት ይሄ ነው።
- ሻካራ ጨዋታ፦ የፊት መከላከያ ብረት መጎተት፣ ኳርተርባኩን ከወረወረ በኋላ መምታት። 15 ያርድ።

ጥፋቱ የተፈጸመበት ቡድን ቅጣቱን አልፈልግም ማለት ይችላል። 30 ያርድ ካገኘ በኋላ 5 ያርድ ለምን ይቀበላል? «ዲክላይን» ሲባል ከሰማችሁ ይሄ ነው።

አሰልጣኝ ቀይ ጨርቅ ከወረወረ ደግሞ ውሳኔው በቪዲዮ እንዲታይ እየጠየቀ ነው። ካልተሳካለት አንድ የእረፍት ጥሪ (ቡድኑ ሰዓቱን የሚያስቆምበት) ይቀነስበታል፣ ስለዚህ እንደ ቫር ሁሉንም አያስመረምሩም። ግብ የተቆጠረበትና ኳስ የተቀማበት ሙከራ ግን ሳይጠየቅም ይታያል።

ደረጃ 8፦ ሰዓቱን ተከታተሉ

አራት ሩብ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ያልተያዘ ኳስ ሰዓቱን ያቆማል። ሜዳ ውስጥ የተጣለ ሯጭ አያቆመውም። ከሜዳ መውጣትም ያቆመዋል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የመጨረሻ 2 ደቂቃና በጨዋታው የመጨረሻ 5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ቀጣዩ ሙከራ እስኪጀመር ቆሞ ይቆያል። ስለዚህ የሚመራው ቡድን መሃል ለመሃል ይሮጣል፣ የሚከተለው ደግሞ ዳር ዳር ይላል። ለእያንዳንዱ ቡድን በየአጋማሹ 3 የእረፍት ጥሪ አለው።

ተመልካች የሚናደድበት መንበርከክ አለ፤ ኳርተርባኩ ኳሱን ተቀብሎ ወዲያው በፈቃዱ ይንበረከካል፣ ሙከራው እዚያው ያልቃል፣ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። በሙከራዎች መሃል እስከ 40 ሰከንድ ማባከን ይቻላል። የሚመራው ቡድን ኳሱን ከያዘ፣ 2 ደቂቃ ከቀረና ተጋጣሚ የእረፍት ጥሪ ከጨረሰ፣ ሦስት ጊዜ መንበርከክ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ 40፣ 120 ሰከንድ። አለቀ። ተጫዋቾቹ ሰዓት ሳያልቅ የሚጨባበጡት ለዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ መክፈቻውና ጭማሪው

መክፈቻ ምቱ ከ2024 ጀምሮ ተቀይሯል። መቺው ለብቻው ከኋላ ይቆማል፣ የቀሩት አስሩ ወደ ተጋጣሚ ተጠግተው ይሰለፋሉ፤ ኳሱ መሬት ወይም ተቀባይ እስኪነካ አይንቀሳቀሱም። ከሩቅ ተንደርድሮ መጋጨት እንዲቀንስ ነው። ኳሱ በቀጥታ ኢንድ ዞን ውስጥ ከቀረ ከ2025 ጀምሮ ጨዋታው ከ35 ያርድ ይነሳል።

በእኩል ነጥብ ካለቀ በመደበኛው ውድድር የ10 ደቂቃ ጭማሪ አለ። ካልተለያዩ አቻ ይወጣሉ። ጥሎ ማለፍ ላይ ግን አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል።

ማስጠንቀቂያ ለስታዲየም ተመልካች

የቤቱ ቡድን ኳስ ሲይዝ ዝም በሉ። ይሄ ለእኛ ሰው ይከብዳል፣ ቡድናችን ሲያጠቃ መጨፈር ነው የለመድነው። ኳርተርባኩ ግን የሚነሱበትን ምልክት በድምፁ ነው የሚሰጠው፣ ካልሰሙት ፎልስ ስታርት ይመጣል። መጮህ ያለባችሁ ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ ነው፣ በተለይ በ3ኛ ዳውን።

ቦርሳችሁን ቤት ስትወጡ አረጋግጡ። የተራ እጅ ቦርሳ ከ11 በ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከበለጠ አያስገቡም። መኪና ማቆሚያው ሩቅ ከሆነ ደርሶ መልሱ አንድ ሩብ ያሳልፋችኋል። ሕፃን ከያዛችሁ የጆሮ መከላከያ አድርጉለት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ጨርቅ መኖሩን ሳያዩ መጨፈር። ትልቅ ሩጫ ስታዩ መጀመሪያ ዓይናችሁ ስክሪኑን ይፈትሽ፤ «ፍላግ» የሚል ቢጫ ጽሑፍ ካለ ደስታችሁን ያዝ አድርጉት።

ኳሱን ብቻ መከተል። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ኳርተርባኩን እዩ፣ ከተነሳ በኋላ አምስቱን ግዙፎች። ወደ ፊት ከገፉ ሩጫ ነው፣ ወደ ኋላ ካፈገፈጉ ውርወራ ነው። ኳሷ የት እንደገባች ግራ የሚገባችሁ ይህን ስለምትዘሉት ነው።

ሰዓቱ ዜሮ ሲል መነሳት። የተጀመረ ሙከራ ሰዓቱ ቢያልቅም እስኪጠናቀቅ ይቀጥላል። ኦክቶበር 27፣ 2024 ሜሪላንድ ላንዶቨር ላይ የዋሽንግተን ኮማንደርስ በቺካጎ ቤርስ 15 ለ12 እየተመሩ 2 ሰከንድ ቀርቷቸው ነበር። ጄደን ዳንኤልስ ከኋላ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ጊዜ ገዛና ኳሱን ወደ ኢንድ ዞን አጎነው። ሰዓቱ አልቋል፣ ኳሱ አየር ላይ ነው። አንድ የቺካጎ ተከላካይ በጣቱ ነካው፤ የተነካ ኳስ መሬት እስካልወደቀ ድረስ አልሞተም። ከጀርባ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን ያዘው። 52 ያርድ፣ ተችዳውን፣ 18 ለ15። «ተጨማሪዋ 1 ነጥብ የት ሄደች?» ለምትሉ፣ ሰዓት ካለቀና አሸናፊውን የማትቀይር ከሆነ አትመታም።